ዳለቲ፤ አንድ ለሃምሳ ሺህ

ሐሙስ ነው። ሐምሌ ነው። የጅማ መሬት ቢሮ ጣሪያ ያፈሳል፤
ባልዲው ጠብታ ይቆጥራል፤ ሲሞላ ማን ያስታውሰዋል?
ራውዳ አባ ጊሳ በር ላይ ቆማ ጃንጥላዋን ታራግፋለች፤
«የአባቴ በረት የት ነበር? ካሣውንስ ወስደናል» አለች።

ከቆርቆሮው ሣጥን አንድ ሉህ አወጣሁ፣ ጀርባው ሸራ የለበሰ፣
አንዱን ጥግ ምስጥ የቀመሰው፣ በእጥፋቱ የሳሳ፣ የፈረሰ።
የአውራ ጣቴ ጥፍር አንድ መንደር ሸፈነ፤
ቶሎ አነሣሁት፤ ሰው የረገጥኩ ይመስል ልቤ ባከነ።

ቡናማ መስመሮች በማይጉዶ ጎን እንደ ጣት አሻራ ይዞራሉ፤
ላይ ተጨናንቀው፣ ቁልቁል ሲወርዱ ይፍታታሉ፤
ግልገል ግቤ ሜዳ ሲደርሱ ጨርሰው ይጠፋሉ።
እዚያ ወረቀቱ ነጭ ነው። መግለጫው «ክፍት መሬት» ይላል፤
ሺህ ከብት የሚያመሰኳበት ሜዳ ለካ በቀለም «ምንም» ይባላል።
በነጩ ላይ አንድ ቀይ መስመር፣ ቁርጥ ቁርጥ እያለ የሚሄድ፤
ልብስ ሰፊ «ነገ እጨርሰዋለሁ» ብሎ በረጅሙ ወጋግቶ የተወው ስፌት።
ከሥሩ በትንሽ ፊደል፦ የታሰበ የባቡር ሐዲድ።

ተማም አባ ሜጫን ጠራሁት። ጡረታ ከወጣ ሰነበተ፤
ከሂርማታ ገበያ ሲመለስ ግን ቢሮውን ሳያይ አልፎ አያውቅም።
ዘንቢሉን አስቀመጠ፤ መነጽሩን ወለወለ፤
ጎንበስ አለ።
በወጣትነቱ የቀያሹን ጃሎን ይዞ የሚቆመው እሱ ነበር፤
ዝንብ ፊቱን ሲወርረው እንኳ የማይነቃነቅ።

«ይኼ ባቡር እኮ መጥቷል» አለ። «በችካል መጥቷል።
ከአሰንዳቦ ማዶ እስከ ወንዙ በየመቶ እርምጃው ተተክሏል።
ሰዉ አንድ ክረምት ጠበቀ፤ ሁለት ክረምት ጠበቀ፤
በሦስተኛው ጥጃ አሰረበት፤ ችካሉም ጥጃ ጠበቀ።
የጥድ እንጨት ነው፣ ምስጥ አይደፍረው፤ ያን ዓመት አምልጦ የጠባ ጥጃ አልነበረም፤
ከባቡር ወተት አተረፍን፤ ሌላ አገር ይህን አላየም።»

ጣቱ ወረደ። የስንዴ ቅንጣት የምታህል ሰማያዊ ክብ፣ የውሃ ምልክት፤
በጎኗ «ዳለቲ» ተጽፏል። ሳቁን ተወ፤ ወደ በሩ ዞር አለ በድንገት።
«ይህን እኔ ነኝ የዋሸሁት።
ቀያሹ ልሳነወርቅ ‹የቦታው ስም?› አለ፣ ብዕሩን አንሥቶ።
ስም አልነበረውም። ከብት ስናጠጣ ‹እዚያ› ነበር የምንለው።
‹እዚያ ተብሎ አይጻፍም› አለኝ ተቆጥቶ።
የእናቴ ላም ከፊቴ ቆማለች፤ አገጯ ውሃ ያንጠባጥባል፤
‹ዳለቲ› አልኩ። ስሟን ሰምታ ዞር አለች። ጻፈ። ማን ይመሰክርብኛል?»

ላሚቱን በዓመቱ ገንዲ ገደላት። ስሟ ግን አዲስ አበባ ሄዶ
ታትሞ ተመለሰ፤ በግብር ደረሰኝ ወረደ፤ በቀበሌ ማኅተም ተቀረጸ፤
«የዳለቲ ሰው ነኝ» ያለ ለወሰን ዱላ አነሣ፤
አንድ ሽማግሌም፣ ዳለቲ የምትባል እመቤት
ምንጩን በዘንግ መትታ ስታፈልቀው በዓይኔ አየሁ ብሎ ማለ።

ከዚያ ግድቡ ተዘጋ።
ውሃው ቀስ እያለ በዚያው በቡናማው መስመር ወጣ፣
ካርታ ማንበብ እንደ ተማረ ሰው፣ አንድም ቦታ ሳይስት።

ራውዳ ሁሉን ሰማች። «ልጄ ዓሣ ያጠምዳል» አለች፤
«መረቡን አንድ ነገር ይይዝበታል፣ ሁልጊዜ እዚያው፤ ቦታውን ዳለቲ ይለዋል።
እኔ የአባቴ በረት ግንድ ነው ብዬ ነበር።»
ማስመሪያዬን አጋደምኩ። ቀዩ መስመር ክቧን ታክኮ ያልፋል።
በረቱ ግን የለም። በዚያ ሉህ ላይ በረት አልተሣለም።
ጣቷን ነጩ ላይ ጫነች፤ ብዙ ቆየች፤
ስታነሣው ወረቀቱ ላይ ትንሽ እርጥበት ቀረ።

ኋላ፣ ጃንጥላዋን እየከፈተች፣
«ለመሆኑ» አለች፣ «ባቡሩ ከየት ወዴት ነበር?»
ተማም ዘንቢሉን አነሣ።
«ከጥጃ ወደ ጥጃ» አላት።